የድርጅት ቪዲዮ፦ ከውዳሴ ወደ ታሪክ



ሁላችንም ያየነው አንድ ቪዲዮ አለ። ድሮኑ ከሰማይ ይመጣል። ሕንፃው ይታያል፣ ሕንፃው አናት ላይ ሎጎው። ሙዚቃው ጦር የሚያዘምት ይመስላል። ከዚያ ወፍራም ድምፅ ያለው ተራኪ «ድርጅታችን ከተመሠረተበት ጊዜ ጀምሮ» ብሎ ይነሣል። ሥራ አስኪያጁ ከሰፊ ጠረጴዛ ኋላ ተቀምጠዋል፤ ከጎናቸው ሰንደቅ ዓላማ፣ ከጀርባቸው የዋንጫና የምስክር ወረቀት መደርደሪያ። ነጭ ጋዋን የለበሱ ሠራተኞች ካሜራውን እንዳላዩ ሆነው ኮምፒውተር ይነካካሉ። ማሽን ይሽከረከራል፣ ሪባን ይቆረጣል። በመጨረሻ ራእይ፣ ተልእኮና እሴት ተዘርዝሮ ስንብት ይሆናል። ስሙን ብቻ ብትቀይሩት ለባንክም፣ ለሲሚንቶ ፋብሪካም፣ ለጥርስ ክሊኒክም ያገለግላል።

ይህን ቪዲዮ ማን ያየዋል? የምረቃው ዕለት እንግዶች ያዩታል፣ ምሳ እስኪቀርብ። ሠራተኞች ያዩታል፣ «እኔ የቱ ጋ ነኝ?» እያሉ። ደንበኛው ግን አያየውም፤ ለእሱ አልተሠራማ! ገንዘቡን የሚከፍሉት፣ ስክሪፕቱን የሚያጸድቁት፣ «የኔ ንግግር ለምን አጠረ?» ብለው የሚጠይቁት ሥራ አስኪያጁ ናቸው። ጸሐፊውም ቤት ኪራይ አለበት። የሚጽፈው ለሚከፍለው ነው።

እኔ ዛሬ ልከራከርለት የመጣሁት ነገር ይህ ነው፤ እኛ አገር የድርጅት ቪዲዮ ውዳሴ ነው እንጂ ታሪክ አይደለም። እንዲህ የሆነው ደግሞ ካሜራ ስላነሰን ወይም ታሪክ መንገር ስለማንችል አይደለም። ችግር ማሳየት ስለምንፈራ ነው።

ገመና መሸፈንን ያስተማረን ቤት ነው። እንግዳ ሲመጣ ጎደሎው ይደበቃል፣ ጠቡ ይበርዳል፣ የተሰነጠቀው ሲኒ ከረከቦቱ ላይ ይነሣል። ለቤት ይህ ጨዋነት ነው፤ አልነቅፈውም። ይህንኑ ጨዋነት ወደ ስክሪፕት ስናመጣው ግን የምንጽፈው ነገር ሕይወት ያጣል። የጽሑፍ ማጽደቂያ ስብሰባ ላይ የተቀመጠ ሰው የምለውን ያውቀዋል። ጸሐፊው «ደንበኞች በወረፋ ይቸገሩ ነበር» ብሎ ጽፏል። አንዱ እጁን ያወጣል፤ «ችግር የሚለው ይከብዳል፣ ተግዳሮት እናድርገው»። ሌላው ይቀጥላል፤ «ተግዳሮቱስ ለምን ይነሣል? ስኬቱ ላይ እናተኩር»። ከስብሰባው ስንወጣ ወረፋው ከነሰዎቹ ጠፍቷል። የቀረው ሕንፃው ነው።

ተረቶቻችንን ተመልከቱ። አንድ ድኻ ሰው ነበር ይላሉ። አንዲት እንጀራ እናት ነበረች ይላሉ። ጅብ ይራባል፣ ጦጣ ትሰርቃለች፣ አህያ መንገድ ላይ ይመሽባታል። መነሻው ሁልጊዜ አንድ የጎደለ ነገር ነው፤ የጥራት ማረጋገጫ የተሰጠው ጅብ በተረታችን የለም። ሌላም ጥበብ አላቸው። ተራቹ «ተረት ተረት» ብሎ ዝም ይላል። «የላም በረት» የሚል መልስ ካላገኘ አይጀምርም። አድማጩ ገና ምንም ሳይሰማ የጨዋታው ባለቤት ሆኗል ማለት ነው። አባባ ተስፋዬ፣ ማለትም ተስፋዬ ሣህሉ፣ ይህን ጥበብ ይዘው ነው ቴሌቪዥን ውስጥ የገቡት። በየቤቱ ለቴሌቪዥኑ መስታወት መልስ የሚሰጥ ሕፃን ትዝ የማይለው የኔ ዘመን ሰው እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያለ አይመስለኝም። ከአራት ዐሥርት ዓመታት በላይ ያንን ሲያደርጉ በእጃቸው የነበረው ድሮን አይደለም፤ አንድ ወንበርና ድምፃቸው ነው።

እንግዲህ ታሪክ መንገርን ከውጭ መቅዳት አያስፈልገንም። ከውጭ የምንማረው ነገር ቢኖር ያንን ጥበብ ከሚሸጥ ዕቃ ጋር ማገናኘትን ነው። ለዚህ አንድ ሥራ አንሥቼ በደንብ ልፈታታው።

እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2013 ጉግል ለሕንድ ገበያ «ሪዩኒየን» የተሰኘ ቪዲዮ አወጣ። የሠራው ኦጊልቪ የተባለው የማስታወቂያ ድርጅት ነው፣ ዳይሬክተሩ አሚት ሻርማ፣ ርዝመቱ ሦስት ደቂቃ ተኩል ገደማ። ዴልሂ ውስጥ ባልዴቭ የሚባሉ ሽማግሌ ለልጅ ልጃቸው ለሱማን አንድ አሮጌ ፎቶግራፍ ያሳያሉ። ልጅነታቸው ላሆር ነው ያለፈው። ዩሱፍ ከሚባል ጓደኛቸው ጋር ጥንታዊ የድንጋይ በር ካለው መናፈሻ ውስጥ ካይት ያበርሩ ነበር፤ ከዩሱፍ ቤተሰብ ሱቅም ጣፋጭ ይሰርቁ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1947 ሕንድና ፓኪስታን ሲከፈሉ በአንድ ሌሊት ተለያዩ። በቃ፣ ሽማግሌው የነገሯት ይህንን ነው። ልጅቷ ስልኳንና ኮምፒውተሯን ይዛ ትነሣለች። ጥንታዊ በር ያለው የላሆር መናፈሻ የቱ ነው? አጠገቡ ያለው አሮጌ ጣፋጭ ቤት ማን ይባላል? ሱቁን ታገኛለች፣ ትደውላለች፣ ስልኩን የሚያነሡት ዩሱፍ ራሳቸው ናቸው። የእሳቸው የልጅ ልጅ በበኩሉ የሕንድ ቪዛ ምን እንደሚጠይቅ ይፈልጋል፣ የዴልሂን አየር ያያል። ሱማን የበረራውን ሰዓት ትከታተላለች። በባልዴቭ ልደት ቀን በሩ ይንኳኳል።

ብዙ ሰው ይህን ቪዲዮ አይቶ አልቅሷል፤ በሁለቱም አገሮች ሚሊዮኖች ተቀባበሉት። እኔን የሚገርመኝ ግን ልቅሶው አይደለም። እንባውን ጠርጋችሁ ስክሪፕቱን ብትገልጡት ከሥሩ የምታገኙት ደረቅ የአገልግሎት ዝርዝር ነው። ቦታ መፈለግ፣ የንግድ ቤት ስልክ ቁጥር ማግኘት፣ የቪዛ መረጃ፣ የአየር ሁኔታ፣ የበረራ ሰዓት። ይህንኑ ዝርዝር ለእኛ ስብሰባ ስጡት፤ በአምስት ነጥብ ተደርድሮ፣ በወፍራም ድምፅ ተነቦ ይወጣል። የዚያ ቪዲዮ ጸሐፊ ግን ስለ እያንዳንዱ ነጥብ አንድ ጥያቄ የጠየቀ ይመስለኛል፤ ይህ ነገር ለማን፣ በየትኛው ሰዓት፣ ምን ሲቸግረው ነው የሚያስፈልገው? ከዚያ ነጥቡን ችግሩ ካለበት ቦታ ላይ ተከለው። በሦስት ደቂቃ ተኩል ውስጥ ጉግልን የሚያመሰግን አንድም ሰው የለም። መሣሪያው ይሠራል፤ ጀግኖቹ ግን ሽማግሌዎቹና ልጆቻቸው ናቸው። ድርጅቱ ታሪኩ ውስጥ እንደ ጥሩ አሳላፊ ነው የቆመው፤ የሚያስፈልገውን አቀረበ፣ ዞር አለ።

አሁን ከአዳራሹ ኋላ «እሱማ ጉግል ነው፣ ገንዘብ አለው» የሚል ድምፅ ሳይሰማኝ አልቀረም። ደግ። በ4,500 ዶላር የተሠራ ላንሣላችሁ። እ.ኤ.አ. በማርች 2012 ማይክል ዱቢን የተባለ አሜሪካዊ ምላጭ በየወሩ ቤት ድረስ ለሚልከው ዶላር ሼቭ ክለብ ለተባለው ድርጅቱ የአንድ ደቂቃ ተኩል ቪዲዮ ሠራ። ተዋናይ አልቀጠረም። የኮሜዲ ትምህርት ስለነበረው ራሱ መጋዘኑ ውስጥ እየተራመደ ተናገረ። የተናገረው ነገር ፍሬው አንድ ነው፤ ፂም ለመላጨት ይህን ሁሉ ብር ለምን ትከፍላለህ? የሚንቀጠቀጥ እጀታ፣ ዐሥር ስለት፣ ያላዘዝከው ጌጥ ሁሉ ለምንህ ነው? በሁለት ቀን ውስጥ 12,000 ትእዛዝ ገባለት። እ.ኤ.አ. በ2016 ዩኒሊቨር ድርጅቱን ሲገዛው የተከፈለው አንድ ቢሊዮን ዶላር ገደማ እንደሆነ ተዘግቧል። ቢሊዮኑን ያመጣው ቪዲዮው ብቻ ነው አልልም፤ እንዲያ ብዬ ብነግራችሁ እኔም ውዳሴ ውስጥ ገባሁ። ነገር ግን ሰውየው ደንበኛው በሆዱ ይዞት የኖረውን ቅሬታ አፍ አውጥቶ ተናገረለት። ሁለቱ ሥራዎች፣ የሚያስለቅሰውም የሚያስቀውም፣ የሚገናኙት እዚህ ላይ ነው።

ወደ ሰፈራችን እንመለስ። ለትምህርት እንዲሆነን አንድ ባልትና ቤት በሐሳባችን እናቋቁም። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ምጥን ይሸጣል፤ ቪዲዮ ፈልጓል። ባለቤቷ የምትነግረን የታወቀ ነው። ዘመናዊ ወፍጮ ገዝተናል፣ ሠራተኞቻችን የፀጉር መሸፈኛ ያደርጋሉ፣ ማሸጊያችን ጥሩ ነው፣ ወደ ውጭም እንልካለን። ሁሉም እውነት ነው፣ ሁሉም ሊታይ ይገባዋል። ግን ሱፐርማርኬት መደርደሪያ ፊት የቆመችው ሴት ስታመነታ የምታስበው ስለ ወፍጮ አይደለም። የምታስበውን አዲስ አበባ ውስጥ የማያውቅ የለም፤ ሸክላ ተፈጭቶ ገብቶበት ይሆን? ቅቤ ከሙዝ፣ ማር ከስኳር፣ እንጀራ ከጀሶ ጋር ተደባልቆ ሲያዝ በዜና የሰማች ሴት ናት። ይህን ለባለቤቷ ብናነሣላት የምትመልሰውን አሁኑኑ እነግራችኋለሁ፤ «በፈጠራችሁ፣ ባዕድ ነገር የሚለውን እንዳታነሡ! ሰው እኛን ይጠረጥራል»። እመቤቴ፣ ጠርጥሮሻል እኮ። ዝም ስላልሽው የሚጠፋ ጥርጣሬ የለም።

ስለዚህ እንዲህ እንጽፈዋለን። አንዲት ወጣት ሚስት ለእሑድ አማቶቿን ጠርታለች። ዶሮ ሊሠራ ነው። በርበሬ ይልኩላት የነበሩት እናቷ አቅም አጥተዋል፤ ከተላከው በማሰሮው ሥር የቀረው ጥቂት ማንኪያ ነው። ሕይወቷን ሙሉ የሱቅ በርበሬ ገዝታ አታውቅም። የታሸገውን ገዝታ መጣች። ከፈተችው፣ አሸተተችው፣ አላመነችም። ብርጭቆ ውኃ አምጥታ አንድ ማንኪያ በተነችበትና ጎንበስ ብላ ታየዋለች። ሸክላ ቢኖርበት ከታች ይዘቅጣል። እዚህ ላይ ሙዚቃ አያስፈልግም፤ ተራኪም አያስፈልግም። ተመልካቿ ይህን ቤቷ ውስጥ አድርጋው ይሆናል፣ ወይም ማድረግ አምሯት ያውቃል። ታዲያ ወፍጮውና ነጭ ጋዋኑስ? አሁን ነው የሚገቡት። ልጅቷ ብርጭቆውን እያየች ሳለ ዛላው በእጅ ሲቀነጠስ፣ ሲታጠብ፣ ሲደለዝ፣ ፀሐይ ላይ ሲሰጣ እናሳያለን፤ ዐሥር ሰከንድ ይበቃል። የፋብሪካው ምስል ያኔ ለጥያቄ የተሰጠ መልስ ይሆናል፤ ጥያቄው ሳይመጣ ቢታይ ኖሮ ጉራ ነበር። እሑድ ደረሰ። አማቲቱ ጎረሱ፣ ዝም አሉ፣ ደግመው አጠቀሱ። ከዚያ «በርበሬውን እናትሽ ናቸው የላኩልሽ?» አሉ። ልጅቷ ባሏን ታየዋለች። ሎጎ። አለቀ።

«ጥራቱን የጠበቀ» የሚለው ሐረግ አንድ ጊዜ እንኳ አልተነገረም። አማቲቱ ተናግረውታል፤ እሳቸው ደግሞ ለምስክርነት አልተከፈላቸውም።

እንዲህ ያለ ሐሳብ ቢሮ ተቀምጦ አይመጣም። ስክሪፕት ጸሐፊ የመጀመሪያውን ቀን ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ባያሳልፍ ደስ ይለኛል። ስልክ የምታነሣውን ልጅ ያነጋግር። ገንዘብ ተቀባይዋን፣ ዕቃ አድራሹን፣ በር ላይ የቆመውን ጥበቃ ያነጋግር፤ ደንበኛ ተናዶ ሲወጣ የሚያጉረመርመውን የሚሰማው ጥበቃው ነው። ከዚያ ደንበኞችን ይፈልግ። ግን «ድርጅቱን እንዴት ያዩታል?» ብሎ አይጠይቅ። የኛ ሰው ጨዋ ነው፣ ፊት ለፊት አያስቀይምም፤ «በጣም ጥሩ ነው፣ በርቱ» ብሎ ይሸኛችኋል። ይልቅ እዚህ ከመምጣትዎ በፊት ምን ያደርጉ ነበር፣ ለመግዛት ሲያስቡ ምኑ ነው ያስፈራዎ፣ ማንን አማከሩ ብላችሁ ጠይቁ። ሰው አስተያየት ስትጠይቁት ውዳሴ ይሰጣችኋል፤ ያለፈውን ስትጠይቁት ግን ታሪክ ይነግራችኋል። የተናገረበትንም ቃል እንዳለ ያዙት፤ ቢሮ ገብቶ «ምቹና ቀልጣፋ አገልግሎት» እንዳይሆን።

ስለ አጀማመር ብዙ አልልም። ዩቲዩብ ላይ ብዙውን ማስታወቂያ ከአምስት ሰከንድ በኋላ መዝለል ይቻላል፤ ቲክቶክ ላይማ አምስትም አይጠበቅም። ወያላ ታክሲው መቼ እንደተመረተና ባለቤቱ ማን እንደሆነ አይነግራችሁም፤ «መገናኛ! መገናኛ!» ነው የሚለው። የት እንደምትወስዱን ንገሩን፣ እንሳፈራለን። ብዙ ሰው ደግሞ ታክሲ ውስጥም ቢሮም ድምፅ አጥፍቶ ነው የሚያየው። የመጀመሪያው ምስል ያለ ድምፅ ካልተናገረ፣ የተራኪው ወፍራም ድምፅ ለማንም አልደረሰም።

ቋንቋው ላይ ግን ትንሽ ልቆይ፤ እዚህ ላይ የሚጠፋው ገንዘብ ያሳዝነኛል። ብዙ ስክሪፕቶቻችን መጀመሪያ በእንግሊዝኛ ይጻፋሉ፣ ይጸድቃሉ፣ ከዚያ ወደ አማርኛ ይመለሳሉ። ያ አማርኛ አፍ ውስጥ አይገባም። ሁለተኛ፣ አማርኛ ሰውን ሲያናግር ወንድ ነህ ሴት ነሽ፣ ታላቅ ነዎት እኩያ ብሎ ሳይለይ አያልፍም። «ይደውሉ» ስትሉ ለወጣቱ ቀዘቀዘ፤ «ደውል» ስትሉ ሴቷ ወጣች፤ «ደውሉ» ስትሉ የሰልፍ ትእዛዝ መሰለ። ጸሐፊዎቻችን በዚህ ሲጨነቁ ያድራሉ። ታሪክ ግን ጭንቀቱን ያቀለዋል፤ ስለ አንዲት ሴት እያወራችሁ ነው፣ ተመልካቹን በቀጥታ ማዘዝ አያስፈልጋችሁም። ሦስተኛ፣ ቃል እየቆጠራችሁ የቪዲዮ ርዝመት አትገምቱ። «አላስታወሰችኝም» አንድ ቃል ነው፤ ማን፣ ማንን፣ ምን እንዳላደረገች ሁሉንም ተሸክሟል፣ ለመናገርም ጊዜ ይወስዳል። ወረቀቱን ለሁለት ክፈሉት፣ በግራ የሚታየውን በቀኝ የሚሰማውን ጻፉ፤ ከዚያ ቀኙን ሰዓት ይዛችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡት። በግራ የታየ ነገር በቀኝ ደግሞ ከተነገረ ቀኙን ሰርዙ። በኔ ልምድ ግማሹ ይሰረዛል።

አንድ ጊዜ እዚህ አገር ታሪክ በማስታወቂያ በደንብ ይነገር ነበር፤ በቢራ። የዓመት በዓል፣ የጓደኝነት፣ የአገር ፍቅር ታሪክ የሚነግሩት የቢራ ማስታወቂያዎች ነበሩ፤ ስለ ብቅሉ የሚያወራ አልነበረም ማለት ይቻላል። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የአልኮል ማስታወቂያን ከብሮድካስት ሲያወጣ ያ ገበያ ተዘጋ። አዋጁን አልቃወምም። እንዲያውም ታሪክ የመንገር ጉልበት የት ድረስ እንደሚሄድ ያሳየን ያ ዘመን ነው፤ ሰው ጠርሙሱን ትቶ ናፍቆቱን እንዲገዛ ተደርጎ ነበር። ይህ ጉልበት ልጓም ያስፈልገዋል። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 ሐሰተኛና አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል፤ ስለዚህ ከላይ ያልኩት የብርጭቆ ሙከራ በእውነተኛው በርበሬ ካልተቀረጸ ባይቀረጽ ይሻላል። ተዋናይን እውነተኛ ደንበኛ ነው ብሎ ማቅረብ ውሸት ነው። እውነተኛ ደንበኛ ሲሆን ደግሞ የት የት እንደሚታይ ተነግሮት፣ አርትዖቱ ካለቀ በኋላ አይቶ ይስማማ። የድኻ ልጅ እንባ ቀርጾ ቁጠባ ሒሳብ መሸጥ በሕግ ባያስጠይቅ እንኳ ነውር ነው።

ታሪክ የማያስፈልግበት ቦታም አለ። የሞባይል ባንክ ምስጢር ቁጥሩን ረስቶ መንገድ ላይ የቆመ ሰው የአያትና የልጅ ልጅ ታሪክ ብታሳዩት ይረግማችኋል። እሱ የሚፈልገው የትኛውን ቁልፍ እንደሚጫን ነው፤ በአርባ ሰከንድ ንገሩትና ልቀቁት። የዋጋ ለውጥ፣ የአድራሻ ለውጥ፣ ዕቃ መገጣጠም፣ ፎርም መሙላት፣ ይህ ሁሉ ቀጥታ ይነገር። ታሪክ ሰው ሲያመነታ ነው። ቆርጦ ለመጣ ሰው መንገዱን ማሳየት ይበቃል።

የድርጅት ባለቤቶች ሆይ፣ ከናንተ የምለምነው አንድ ነገር ነው። የሚቀጥለውን ስክሪፕት ለቦርድ ከመላካችሁ በፊት ለሦስት ደንበኞች ጮክ ብላችሁ አንብቡላቸው። «ይህ እኔም ላይ ደርሷል» የሚል ከመካከላቸው ካልተገኘ ለካሜራ የያዛችሁትን ብር አታውጡ፤ ጸሐፊውን መልሳችሁ ጥበቃው ዘንድ ላኩት።